«ማንነቱ ያልታወቀ» ስለተባለው ልጄ

ካርቱም፣ ሳጃና
ሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለክቡር ሙዲር በሽር
የከተማ ማስዋብና ይዞታ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ በራቸው ላይ እንድለጥፍ ለፈቀዱልኝ የሳጃና ቁርስ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች፣ እንዲሁም ለቤተ ክርስቲያናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዴት ናት? ኅዳር 25 ቀን ጠዋት ከፍ አድርገው ያነሧት እጅ ማለቴ ነው። በዕድሜ የገፋን ሰዎች ክንድን ሽቅብ ማንሣት ትከሻን እንደሚያሳምም ስለምናውቅ ከዚያን ቀን ወዲህ አሳስባኝ ሰንብታለች። ቤተሰብዎም፣ ልጆችዎም፣ ልጆችዎ የሚተኙበት ቤት ግድግዳም ደኅና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በዓረብኛ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ኢንሻአላህ ቡክራ» ብሎ በመልካም ፈገግታ ተቀብሎኛል። እኔም ቡክራ ማለት ነገ ማለት እንደሆነ ስለተማርኩ በማግስቱ ስመለስ በእውነት የሚደነግጥ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ደግነቱ የእርስዎ አስተርጓሚ ነጂብ አማርኛ ማንበብ ይችላል። እናቱ የአገሬ ልጅ ናት፣ ፊደል ያስቆጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎት። በመካከሉ ቢንተባተብ የአማርኛው ድክመት ብቻ እንዳይመስልዎት፤ እሱም በዚያ ጠዋት የድምፅ ማጉያ ይዞ ከጎንዎ ቆሞ ነበር።

ስሜ ካሳነሽ በየነ ማዘንጊያ ነው። ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት ነው። የተማርኩት ደሴ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እዚያ ከመስመር የወጣ ፊደል የጻፈች ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ጠርዝ ትመታ ነበር፤ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ የተወች ደግሞ ምሳዋን አትበላም። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ካርቱም ነኝ። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ታይፒስት ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ላሉ የአገሬ ልጆች ቅጽ በመሙላትና ማመልከቻ በመጻፍ እኖራለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጄን የሚኪያስን አስከሬን እንዲመልሱልኝ። በሬሳ ማቆያው በር ላይ እንደተለጠፈው፣ እስከ ረቡዕ ዘመድ ያልቀረበላቸው ሬሳዎች ሁሉ «ማንነታቸው ያልታወቀ» ተብለው በአንድ ጉድጓድ ይቀበራሉ። ሐሙስ የአብዮቱ አንደኛ ዓመት ስለሚከበር ከተማዋ ተጠራርጋ መዋል አለባት። ዛሬ ሰኞ ነው። ሚኪያስ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ቅሬታዎቼን በቁጥር የማስቀምጠው ለመልስ እንዲመችዎት ነው።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። በአንድ ቀን ውስጥ ግቢውን ለቀን እንድንወጣ የሚያዘውን ወረቀት በሚፈርሰው ግድግዳ ላይ በመለጠፍዎ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ሲወድቅ ማስረጃውም አብሮ መውደቁ የአስተዳደር ብስለት ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ገልብጬዋለሁ። ወረቀቱ እንደሚለው ስድስት ክፍል ያለው ግቢያችን «የከተማዋን ገጽታ የሚያበላሽ» ሲሆን፣ ፈርሶ ከጎናችን ለሚሠራው ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ስለዚህ ሕንፃ ትንሽ ልበል፣ እኛ እናውቀዋለንና። ንድፉ ከሩቅ አገር መጣ፤ ገንዘቡ ከባሕሩ ማዶ፤ መስታወቱ ከቻይና በመርከብ፤ አሸዋው ከዓባይ ዳር። ክንዱ ግን ከጎጃም፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በእግሩ መጣ። ሚኪያስ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይለጥፍ ነበር። «ከላይ ሲታይ ግቢያችን የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ልብስ ስታሰጪ አይሻለሁ፤ የኔን ሸሚዝ አስቀድሚ» ይለኝ ነበር። እኔም የእሱን ሸሚዝ ሁልጊዜ መጨረሻ አሰጣ ነበር፣ በትዕዛዝ መሥራት ስለማልወድ። የግቢያችንን ሰዎች ከሕንፃው ጋር ያገናኘን ሌላ ነገርም አለ። ባልንጀራው ውብሸት ከሁለት ወር በፊት ከአምስተኛው ፎቅ መወጣጫ ወድቆ ወገቡ ተሰብሯል። አሠሪዎቹ ሐኪም ቤት በር ላይ አስቀምጠውት ሄዱ፤ እኛ አንሥተን የኋላው ክፍል አንገረብ በሚባለው የገመድ አልጋ ላይ አስተኛነው።

በሕንፃው አጥር ላይ ባለው ትልቅ ሥዕል ሥር «ዓለም ወደ ካርቱም እየመጣች ነው» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሙዲር፣ ዓለምማ ከመጣች ቆየች። እኔ ስመጣ ከአል-ሳሃፋ ወዲያ ነፋስና እሾህ ብቻ ነበር። በ77ቱ ድርቅ ሰዉ ከብቱን ቀብሮ መጣ። ከደቡብ በጦርነቱ መጣ፤ ማዮ በካርቶንና በጆንያ ተሠራ። ከዳርፉር መንደሩ ተቃጥሎ መጣ። የኔ አገር ልጆች ደግሞ ለአንድ ወር ብለው መጥተው ዓመት ይከርማሉ። ከተማ እንደ ዛፍ በዝናብ አያድግም፤ ጦርነት ከዳር ያሰፋዋል፣ የሩቅ አገር ገንዘብ ከመሐል ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ይጨፈለቃል። ይህን የምለው ለምሳሌ ያህል አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ኅዳር 25 ቀን ጠዋት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሎደርና ታትሸር የምንላቸው ሦስት ፒክ አፖች ሙሉ ፖሊስ አስከትለው ስለመጡ ሰዓት አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ነጂብ በድምፅ ማጉያው «ያላ፣ ውጡ! ዕቃ በቃ፣ ኻላስ! ሰው ብቻ ውጡ!» ይል ነበር። ሰው ፍራሹን እየጎተተ ወጣ። እኔ በደብተሬ እየቆጠርኩ በር ላይ ቆምኩ። ሃያ ስድስት ነን፤ የወጣነው ሃያ አራት ነው። ውብሸት መነሣት አይችልም፤ ሚኪያስ እሱን ለማውጣት ተመልሶ ገብቷል።

ይህንን ለእርስዎ ነገርኩዎት። እጅጌዎን ይዤ ነበር የነገርኩዎት። ሳይፈቀድ የሰው ልብስ መያዝ በትምህርት ቤታችን የተከለከለ ስለሆነ እስካሁን ያሳፍረኛል። «ውስጥ ሁለት ሰው አለ» አልኩ በዓረብኛ፣ በእርስዎ ቋንቋ፣ ያለ ስሕተት። እርስዎም ወደ ፖሊሶቹ ዞረው «ሐበሻ ሁልጊዜ ውስጥ ሌላ ሐበሻ አለ ይላል» አሉ፣ ሣቁም። እነሱም ሣቁ። ነጂብን ዞሬ አየሁት። «እማማ፣ ወላሂ እኔ ምን ላድርግ፣ ሙዲሩ ኻላስ ብሏል» አለኝ፣ ማጉያውን ማጥፋት ረስቶ፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ከዚያ እርስዎ ያችን እጅዎን አነሡ።

የሎደሩ ሹፌር የማዮ ሰው ነው። ለቅሶ ላይ አንድ ከረጢት ስኳር ይዞ መጥቶ ድንኳናችን ጥግ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ሊወጣ ሲል «እማማ፣ ሞተሩ ይጮኽ ነበር፤ ያየሁት እጁን ነው» አለኝ። የእሱም ቤት ሁለት ጊዜ ፈርሶበታል። አልተቀየምኩትም። እጁን ነው ያየሁት ያለኝን ግን በቀኑና በሰዓቱ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ሚኪያስ ውብሸትን ከነፍራሹ በኋላው መስኮት ለጎረቤት ልጆች ሲያቀብል፣ ፍራሹ በመስኮቱ ብረት ተያዘ። ሊያላቅቀው ጎንበስ አለ። ግድግዳ ሲወድቅ እንደ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ደረቱን ይነፋል። ደረቱን ነፋ፤ ከዚያ በሙሉ ቁመቱ ወደ ውስጥ ተኛ። ውብሸት ውጪ ወደቀ። ሚኪያስ ውስጥ ቀረ። አቧራው ሲበርድ ከክምሩ የሚታየው አንድ ክንዱ ብቻ ነበር፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ ሴራሚክ የሚያስተካክል ሰው እንደሚያደርገው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ አሥራ ሰባቱ ደቂቃዎች። ሰዓት የማየት ልማድ አለኝ። ግድግዳው የወደቀው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ነው። ልጆቹ በእጃቸው መቆፈር ጀመሩ። ያን ጊዜ «ሥርዓት አስከብሩ» ብለው አዘዙ፤ ሥርዓቱም በጥቁር የጎማ ቱቦ በልጆቹ ጀርባ ላይ ተከበረ። ጀርባቸውን ሲመቱ ሳይነሡ ቢቀሩ እጃቸውን መቱ፤ የሚቆፍረው እጅ ስለሆነ ብልኅ ትዕዛዝ ነበር። የአንዱ አውራ ጣት ተንጠልጥላ ቀረች። ጡብ ያቀፈውን ሌላውን በጫማ ማጅራቱን ረግጠው ፊቱን ከአፈሩ ጋር አጣበቁት። ከዚያ ቡምባን የምንለውን አስለቃሽ ጭስ፣ አቧራ በዋጠው ግቢ ውስጥ ጨመሩበት። የሰፈሩ ኮሚቴ ወጣቶች፣ የእርስዎ አገር ልጆች፣ ሮጠው ገብተው አብረው ቆፈሩ። በሚያዝያ በአደባባዩ ያደሩት፣ በሰኔ መባቻ ጓደኞቻቸውን የቀበሩት ናቸው። አንደኛው «ሑሪያ፣ ሰላም፣ ዓዳ…» ብሎ ሦስተኛውን ቃል ሳይጨርስ የፊት ጥርሶቹን አጣ። ነፃነትና ሰላም ወጥተው ነበር፤ ፍትሕ አፉ ውስጥ ቀረች።

ከክምሩ ሥር ድምፅ ይሰማ ነበር። «እማዬ» ይል ነበር። የትኛዋን እናቱን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አቤት አልኩ። በተጣራ ቁጥር አቤት አልኩ። ድምፁ የተቋረጠው አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ ነው። ሁለት ሰው ሊያነሣው ይችል የነበረ ግድግዳ ነው፤ ኋላ ስናነሣው ሁለት ሰው ነው ያነሣው።

አራተኛውን ቅሬታዬን ሰርዤዋለሁ። ስለ ቤቴና ስለ መጻሕፍቴ ነበር። ቁጥሩን ግን አላስተካከልኩም፤ የተሰረዘ ነገር መሰረዙ ይታይ።

አምስተኛ፤ «ማንነቱ ያልታወቀ» ስለሚለው ጽሑፍ። ሚኪያስ በሸሚዙ የደረት ኪስ መታወቂያ ነበረው። አስከሬኑን ታትሸር ላይ ሲጭኑት ያወጣው የእርስዎ ሰው ነው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ አነበበ፣ ለእርስዎ ሰጠ፣ እርስዎም ወደ ኪስዎ ከተቱት። በሦስተኛው ቀን ስጠይቅ ጸሐፊዎ «መታወቂያ? ማፊ» አለኝ፤ የለም ማለቱ ነው። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ስም ያለው ሬሳ የሞተበት ቀንና ቦታ ይኖረዋል፤ ቀንና ቦታ ካለ ደግሞ እዚያ የቆመ ሰው ይኖራል። ስም የሌለው ግን ከየትም አልመጣም፣ ማንም አልገደለውም፣ ለመኪና ማቆሚያውም እንቅፋት አይሆንም። ያሳዝናል፤ የመታወቂያውን ቅጂ እኔ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ቅጂውን ሳሳየው ጸሐፊዎ ጥያቄውን ቀየረና «አንቺ ምኑ ነሽ? ሐበሻ መሆን ዝምድና አይደለም» አለኝ።

ትክክል ነው፣ አይደለም። ዝምድናው እንዲህ ነው።

የመታወቂያ ቅጻችሁ አራት ስም ይጠይቃል፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። በእኛም አገር ድሮ ሰባት ቤት መቁጠር ያልቻለ ሚስት አያገኝም ነበር። እነዚህ ልጆች ግን በከተማ ያደጉ፣ በአክስት በአጎት እጅ የተንከራተቱ ናቸው፤ ሁለት ስም ያውቃሉ፣ ቢበዛ ሦስት። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «አራተኛ! ያላ፣ አራተኛ!» እያለ ሲጮኽባቸው አንዱ የሚደግፈውን ኳስ ተጫዋች ስም ሰጠ፤ ሌላው ድንበር ያሻገረውን ደላላ። አንዱማ የደብሩን ታቦት ቅድመ አያቴ ነው ብሎ ተክለ ሃይማኖትን አስመዘገበ። ጻድቁ መነኩሴ ነበሩ፣ ልጅ አልወለዱም ብዬ ብነግረው «እማማ፣ እነሱ በምን ያውቃሉ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሐሰት የሆነ ቅጽ በእጄ አልሞላም። ስለዚህ ሐሰቱን እውነት ማድረግ ነበረብኝ። በአገራችን የጡት ልጅ የሚባል ወግ አለ። ያልወለደውን ልጁ ሊያደርግ የፈለገ ሰው፣ በምስክር ፊት ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ነው፤ ቢታሰር ትጠይቀዋለህ፣ ቢገደል ደሙ ያንተ ነው፣ ሲሞት ትቀብረዋለህ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጣሳ ማር ከአል-ሳሃፋ አስመጥቼ፣ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጬ፣ አርባ አንድ ጎረምሳ በተራ አጠባሁ። ጢም ያላቸው ነበሩ። ሲሣሣቁ ሁለት ጊዜ ከወረፋው አስወጥቻቸዋለሁ። ሚኪያስ ጣቴን ነከሰኝና «ይቅርታ እማማ፣ አራተኛ ስም ብቻ ሳይሆን ቁርስም አልነበረኝም» አለ። በማግስቱ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» ይለኝ ጀመር። ልቆጣ አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ እናት አንቺ እንደምትባል አስታውሼ ዘጋሁት።

እኔ እናታቸው ከሆንኩ፣ አያቴ ማዘንጊያ ቅድመ አያታቸው ናቸው። ቆጥሬ አረጋግጫለሁ፤ አራተኛው መስመር ላይ በትክክል ይገባሉ። ከዋድላ ወጥተው የማያውቁ ገበሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ካርቱም ውስጥ አርባ አንድ ዘር አፈሩ። የልጄም ሙሉ ስም ሚኪያስ ጥጋቡ ሻምበል ማዘንጊያ ነው። መንግሥታችሁ ተቀብሎ ማኅተም መትቶበታል። እንግዲህ ክቡር ሙዲር፣ ማኅተሙ እውነት ከሆነ የልጄን አስከሬን ይስጡኝ፤ ሐሰት ከሆነም ሐሰተኛ ማኅተም የሚመታ መንግሥት ቤቴን ለመኪና ማቆሚያ እንድሰጠው በምን ሥልጣን እንዳዘዘኝ ያስረዱኝ። ማሩን ስላጠባሁ ጥፋተኛ የምሆንበት ሕግ ካለም አድራሻዬ አይጠፋዎትም፤ ድንኳናችን የቆመው ያፈረሱት ፍርስራሽ ላይ ነው።

ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብጨርስ ያሳደገኝን ትምህርት ቤት አሰድባለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ከአብዮቱ ወዲህ በመለወጡ አመሰግናለሁ። ሰሌዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከወንበርዎ ጀርባ የነበረው ፎቶ ወርዷል፤ የተሰቀለበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ በአራት ማዕዘን መታየቱ ብቻ ቀርቷል። ሚስማሩንም አለመንቀልዎ አስተዋይነት ነው፤ ነገ ማን እንደሚሰቀል አይታወቅምና።

እንግዲህ ረቡዕ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ወደ ሬሳ ማቆያው እንመጣለን። ከአርባ አንዱ ልጆቼ አንዱ እርስዎ ዘንድ በበረዶ ተኝቷል። ስድስቱ ወደ ሊቢያ ተሻግረዋል፤ ከእነሱ ሁለቱን ባሕር እንደበላቸው ሰምተናል፣ የሌሎቹን አልሰማንም። የቀሩት ሠላሳ አራቱ ናቸው የሚመጡት፤ ሁሉም አራተኛ ስማቸው ማዘንጊያ የሚል መታወቂያ ይዘው፣ ውብሸትም ከነአንገረቡ በትከሻ። ከሻ የምትሉትን አፈሳ እንደማያዘጋጁልን እርግጠኛ አይደለሁም። ይህንኑ ነግሬ እንዲቀሩ አዝዤአቸው ነበር፤ በሕይወቴ ትዕዛዜ ሲጣስ ያላዘንኩት ይህ የመጀመሪያው ነው። «እማማ፣ በመኪና ካፈሱን ጥሩ፤ እስከ ሬሳ ማቆያው በእግር ሩቅ ነው» አለኝ አንዱ። የሰፈሩ ኮሚቴ ልጆችም ከኋላችን እንሆናለን ብለዋል። ጥርሱን ያጣው ልጅ ሦስተኛውን ቃል ሊጨርስ ይፈልጋል።

የክንድዎ ብርታት ሳይቀንስ፣ የፊርማዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ እስከ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ድረስ እግዚአብሔር ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ ከዚያም በኋላ ይህን ደብዳቤ በየዓመቱ ለማንበብ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ እንዲጨምርልዎ በማያቋርጥ ጸሎት የምለምን፣

እጅግ አክባሪዎ
ካሳነሽ በየነ ማዘንጊያ
የሚኪያስ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሬሳ መረከቢያውን ቅጽ ሞልቼ አያይዣለሁ፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። በአሥራ ሁለተኛው መስመር «ሟቹ ሲሞት በቦታው የነበረ ሰው ሙሉ ስም» ይላል፤ የእርስዎን ስም ጻፍኩ። ሦስቱን ከበርዎ ሰሌዳ ላይ ገልብጬ አራተኛውን አጣሁት። ነጂብን ጠየቅሁት፣ አላወቀም። ባዶ ቦታ መተው ስለማልችል እኔ ያለኝን አራተኛ ስም ሞላሁበት። እንግዲህ በወረቀት ማዘንጊያ ነዎት፤ የሚኪያስ ወንድም ሆነዋል። ስሙን ሰጠሁዎት እንጂ ማሩን አልሰጠሁዎትም። የሳጃና ጎረቤቶቼ እንዳጫወቱኝ፣ በመጽሐፋችሁ ወንድሙን የገደለው የመጀመሪያው ሰው ሬሳውን ምን እንደሚያደርገው ቸግሮት ሳለ፣ መሬት ጭሮ መቅበር ያስተማረው ከፈጣሪ የተላከ ቁራ ነው። እኛ እስከ ረቡዕ ብቻ ጊዜ ስላለን ቁራውን አልጠበቅንም። ሠላሳ አምስት አካፋ ተውሰናል። የውብሸትን አካፋ እኔ እይዛለሁ። አንዱ ይተርፋል፤ እሱ የእርስዎ ነው።